«አፋልጉን» የሚል ምስል ሲደርሰን፦ ወሬ ፍለጋን እንዴት ያሰናክላል?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ ዶርም ቁጭ ብዬ ሳለ በቴሌግራም አንድ ምስል ደረሰኝ። የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ ቦርሳ አንግቶ ፈገግ ብሏል። ከላይ በቀይ «አፋልጉን» ይላል፣ ከታች የአባቱ ስልክ ቁጥር አለ። አንጀቴ ተላወሰ። ምንም ሳላጣራ ወደ ሦስት ግሩፖች ላክሁት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በአንደኛው ግሩፕ ወሬው ደራ። አንዱ «ወደ መተማ በሚሄድ መኪና ላይ አይቼዋለሁ» አለ። ሌላው «ከእንጀራ እናቱ ጋር ተጣልቶ ነው» አለ። ሦስተኛው ጭራሽ አጎትየውን ጠረጠረ፤ ልጁ አጎት ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ሰው ግን በግሩፑ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ አንድ ወንድማችን እዚያ ቁጥር ላይ ደወለ። ልጁ ከተገኘ 7 ወር ሆኖታል። ቤቱ ነው፣ ትምህርቱን እየተማረ ነው። አባትየው ግን አሁንም ይደወልላቸዋል። ከሚደውሉት መካከል «ልጅህ እኔ ጋ ነው፣ መጀመሪያ ብር ላክ» የሚሉም አሉ። ልጁ በጠፋ ሰሞን ይህን ስልክ አምነው ገንዘብ ልከው ነበር። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ነገሩን በሁለት በኩል ማየት ፈለግኩ። አንዱ አሁን በክላስ የምንማረው የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ነው። ሌላው ልጅ ሆኜ በመድረሳ የቀራሁት የሐዲስ ሙስጠለሕ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

መጀመሪያ ዓለም ያወራለትን አንድ ጉዳይ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2024 አንድ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት፣ ማስካ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ጠፋ። ጠዋት ለጓደኛው ደውሎ መንገድ እንደጠፋው፣ ውኃ እንደጠማው፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። የስፔን ፖሊስ በውሻ፣ በድሮንና በሄሊኮፕተር ፈለገው። በቀናት ውስጥ ስለ እሱ ብቻ የሚያወሩ፣ እጅግ ብዙ አባላት ያሏቸው ግሩፖች ተከፈቱ። አደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች አግተውታል ተባለ። ቤተሰቡ ገንዘብ ለመሰብሰብ የፈጠረው ድራማ ነው ተባለ። አብረውት የሄዱ ጓደኞቹ በወንጀል ተጠረጠሩ። ከእንግሊዝ ድረስ ተሳፍረው ሸለቆው ላይ ቪዲዮ የቀረጹም ነበሩ። ጁን 29 ቀን ፖሊስ «በጎ ፈቃደኞች መጥታችሁ አብራችሁን ፈልጉ» ብሎ ሲጠራ ግን የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

አስከሬኑ ጁላይ 15 ቀን በተራራ አዳኝ ቡድን ተገኘ። ቦታው ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ ምልክት ከሰጠበት አካባቢ ብዙም አይርቅም። በ2025 በእንግሊዝ የተካሄደው የሞት ምርመራ ከገደል ወድቆ የደረሰበት አደጋ ነው ሲል ደመደመ። አጋች የለም፣ ድራማ የለም። የጠማውና መንገድ የጠፋው ልጅ ነበር።

ታዲያ አስከሬኑ በተገኘበት ቀን ደግሞ አዲስ ወሬ ተነሣ፤ «ያ ቦታ እኮ ተፈልጓል! አሁን የተገኘው ሰው አምጥቶ ቢጥለው ነው» የሚል። ሲሰሙት ምክንያታዊ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነገር ይናገራል።

የጠፋ ሰው ፍለጋ የሚመራበት ስሌት አለ፤ መሠረቱ ሁላችንም የምናውቀው የቤይዝ ቀመር ነው። ሦስት ቀጠናዎች አሉ እንበል። ካለው መረጃ በመነሳት ልጁ በቀጠና ሀ የመኖር ዕድሉ 60 ከመቶ፣ በቀጠና ለ 30 ከመቶ፣ በቀጠና ሐ 10 ከመቶ ነው ተብሎ ተገመተ። ፈላጊዎች ቀጠና ሀን አሰሱ። ቦታው ቋጥኝና ቁጥቋጦ ስለሆነ ልጁ እዚያ ቢኖር እንኳ የማየት ዕድላቸው 70 ከመቶ ነው። አላገኙትም። አሁን ቀጠና ሀ ዜሮ ሆነ ማለት ነው? አይደለም። 0.60ን በ0.30 ስናባዛ 0.18 ይቀራል። ይህን ከ0.30 እና ከ0.10 ጋር ደምረን እንደገና ስናካፍል ቀጠና ሀ ወደ 31 ከመቶ ይወርዳል፣ ቀጠና ለ ወደ 52 ከመቶ፣ ቀጠና ሐ ወደ 17 ከመቶ ይወጣሉ። «የተፈለገው» ቦታ አሁንም ከሦስት አንድ ያህል ዕድል አለው። ስለዚህ ሄሊኮፕተር ያለፈበት ሸለቆ ውስጥ ከሳምንታት በኋላ ሰው ቢገኝ ሴራ አያስፈልገውም።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 አትላንቲክ ውስጥ የሰመጠችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ «ስኮርፒዮን» የተገኘችው በዚህ ዓይነት ስሌት ታግዞ ነው። በ2009 ከብራዚል ተነሥቶ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ላይ የወደቀው የኤር ፍራንስ አውሮፕላን ደግሞ ለሁለት ዓመት ጠፍቶ ቆየ። የመጨረሻ ምልክቱ የታየበት አካባቢ ድምፅ በሚያዳምጡ መሣሪያዎች አስቀድሞ ተፈልጎ ስለነበር ፈላጊዎች ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር። በኋላ ባለሙያዎች «የአውሮፕላኑ ድምፅ ሰጪ መሣሪያ ራሱ ሳይሠራ ቀርቶ ቢሆንስ?» ብለው ስሌቱን እንደገና ሠሩ። ዕድሉ ተመልሶ እዚያው የተተወው ቦታ ላይ ወደቀ። ፍለጋው እንደገና በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ በኤፕሪል 2011፣ ስብርባሪው ተገኘ።

የስልክ «የመጨረሻ ምልክት» የሚለውም ብዙ ያሳስታል። ስልክ ከኔትወርክ ማማ ጋር ተገናኘ ማለት ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ተተከለ ማለት አይደለም። ማማው የሚሸፍነው ቦታ ከተማ ውስጥ በመቶ ሜትሮች ሊሆን ይችላል፤ ገጠርና ተራራ ላይ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባለቤቱ ራሱ በመተግበሪያ የላከው የጂፒኤስ ቦታ ካለ ጉዳዩ ይለያል። ሁለቱን ሳይለዩ «ስልኩ እዚህ ጋ ነው የጠፋው፣ እዚህ ቤት ግቡ» ማለት የማያውቁትን ሰው በር ማስሰበር ነው።

አሁን ወሬው በዚህ ስሌት ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊገኝ የሚችልበት ክበብ 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ 452 ያድጋል። ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ቦታው ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። «መተማ መንገድ ላይ አየሁት» የሚል አንድ ቃል ቤተሰቡን ወደዚያ ሲያስሮጥ የሚባክነው ሁለት ሰዓት እንግዲህ ተራ ሁለት ሰዓት አይደለም። ልጁ ሰፈሩ አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 አንድ የ22 ዓመት ተማሪ፣ በዕድሜ የእኛ እኩያ የሆነ፣ ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጠፋ። ቤተሰቦቹ ለማፋለግ የፌስቡክ ገጽ ከፈቱ። በኤፕሪል 15 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ ኤፍቢአይ የተጠርጣሪዎችን ፎቶ ሲያወጣ፣ ኢንተርኔት ላይ የተሰባሰቡ ሰዎች «አንዱ ያ የጠፋው ተማሪ ነው» አሉ። ማስረጃቸው የፊት መመሳሰል ነበር። በዚያች ሌሊት ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ፣ ጋዜጠኞችም ተቀባበሉት። የማፋለጊያው ገጽ በስድብና በዛቻ ተጥለቀለቀ፣ ቤተሰቡም ዘጋው። ሲነጋ እውነተኞቹ ተጠርጣሪዎች ሌሎች መሆናቸው ታወቀ። የተማሪው አስከሬን ኤፕሪል 23 ቀን ከወንዝ ወጣ። ወሬው ከተነዛባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ሬዲት ቤተሰቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ልብ በሉ፤ ወሬው ስም ማጥፋት ብቻ አልነበረም፤ አንድ እናት ልጇን የምትፈልግበትን ገጽ በአንድ ሌሊት አዘግቷል።

«ግን እኮ ሺህ ሰው ነው ያለው!» ይባላል። በመድረሳ ኡስታዛችን ስለ ሙተዋቲር ሲያስተምሩን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር፤ ዘገባ ሙተዋቲር የሚሆነው በእያንዳንዱ ጠበቃ (የአስተላላፊዎች ትውልድ) ብዙ ሰው ሲያስተላልፈው ነው። መጨረሻ ላይ ብቻ ቢበዛ አይበቃም። ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው የኒያ ሐዲስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከየሕያ ኢብን ሰዒድ በኋላ እጅግ ብዙ ሰዎች አስተላልፈውታል። ከእሱ ወደ ላይ ግን ሰነዱ ነጠላ ነው፤ የሕያ፣ ሙሐመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ዐልቀማ፣ ዑመር (ረ.ዐ.)። ስለዚህ ዑለማዎች «ገሪብ» ከሚባለው ይመድቡታል። ሐዲሱ ሰሒሕ የሆነው ከታች ባለው ብዛት ሳይሆን እነዚያ አራት ሰዎች ታማኝና ትክክለኛ ሐፊዞች በመሆናቸው ነው። የቴሌግራም ወሬም ሰነድ አለው። ሺህ ሰው አስተላልፎት ሁሉም የሚመለሱት ማንነቱ ወደማይታወቅ አንድ አካውንት ከሆነ፣ እጃችን ላይ ያለው የሺህ ሰው ምስክርነት አይደለም። ያለን የአንድ መጅሁል ሰው ቃል ነው። በፕሮባቢሊቲ ክፍል ይህንኑ ነገር «ራሳቸውን የቻሉ ማስረጃዎች አይደሉም» ብለን እንማረዋለን።

ስለ ጠፋ ሰው የሚወራ ወሬ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢፍክን ክስተት ሁላችንም እናውቃለን፤ ብዙ ጊዜ የምናነበው ግን ስለ ሐሜት ትምህርት ብለን ነው። አንዴ እንደ ፍለጋ ታሪክ አንብቡት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ የጠፋባቸውን የአንገት ጌጥ ሊፈልጉ ሄዱ። ሰዎች በሀውደጁ ውስጥ ያሉ መስሏቸው ግመሉን ጭነው ተጓዙ። ተመልሰው ሲመጡ ሰፈሩ ባዶ ነው። ያደረጉት ነገር ዛሬ የፍለጋ ባለሙያዎች ለጠፋ ሰው ሁሉ የሚመክሩት ነው፤ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ሲያጡኝ ወደዚህ ይመለሳሉ ብለው እዚያው ተቀመጡ። ከሠራዊቱ ኋላ ይመጣ የነበረው ሰፍዋን ኢብኑል ሙዐጠል (ረ.ዐ.) አገኛቸው፣ ግመሉን አንበርክኮ አሳፈራቸው፣ እየመራ አደረሳቸው። የመገኘታቸው ታሪክ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው አንድ ወር ያህል የፈጀ ወሬ ነው። ወሬውን የተቀባበሉት ሙናፊቆች ብቻ አልነበሩም፤ ከደጋጎቹም የተሳሳቱ ነበሩ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያደረጉትን ደግሞ አስተውሉ። የጠየቁት በቅርብ የሚያውቋቸውን ሰዎች ነው፤ በሪራን፣ ኡሳማን፣ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ.)። ዘይነብ ከዓኢሻ ጋር የምትፎካከር ሆና ሳለ ያላየችውንና ያልሰማችውን አልናገርም አለች። በሱረቱ አን-ኑር የወረዱት አንቀጾችም ከተወቀሱት መካከል ወሬውን ያመነጩትን ብቻ ሳይሆን በምላስ የተቀባበሉትንም አካተዋል።

በእጃችን ያለው ሥራ ቀላል ነው። ምስል ሲደርሰን የጠፋበት ቀንና ያመለከቱበት ፖሊስ ጣቢያ ተጽፎበት እንደሆነ እንይ፤ ከሌለ ከመላካችን በፊት አንድ ስልክ እንደውል። ልጁን ያየ ሰው ግሩፕ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ለፖሊስ ወይም ለቤተሰቡ ይናገር፤ ሰዓቱንና ቦታውን ለይቶ፣ «መሰለኝ» ከሆነም መሰለኝ ብሎ። ለምን ጠፋ፣ ከማን ጋር ጠፋች የሚለውን ጨርሶ እንተወው፤ በተለይ እህቶቻችንን በተመለከተ። ልጅቷ ነገ ተገኝታ ትምህርት ቤት ትመለሳለች፣ የጻፍነው ኮሜንት ግን እዚያው ይቆያል። የራሳችን ዘመድ ጠፍቶብን ከሆነም «ስንት ሰዓት ልጠብቅ?» ሳንል ወዲያው ለፖሊስ እናመልክት። ምስሉን ስንለጥፍ ሰውነቱ ላይ ያለ አንድ ምልክት ለራሳችን እናስቀር። «እኔ ጋ ነው» ብሎ ብር የሚጠይቀውን ሰው የምንፈትነው በዚያ ነው።

የእኔን ጉዳይ ልጨርስ። ያንን ምስል ከላክሁባቸው ሦስት ግሩፖች ሰርዤ «ልጁ ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ላይ ደህና ሆነ። በሦስተኛው ግን ምስሉ ወደ ሌላ ቻናል ተላልፎ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ። ለአድሚኑ ጽፌለት እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍላችን ልጅ ያንኑ ፎቶ «ወላሂ ያሳዝናል፣ ሼር አድርጉት» ብላ ላከችልኝ።