ሐኪሙ የሕዝብ እንደራሴና የቤሩት ጭስ

ሐኪሙ አቲፍ መጅደላኒ የቤሩት የፓርላማ ተወካይና የምክር ቤቱ የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ስማቸው በይበልጥ የሚነሳው በ2011 እ.ኤ.አ. ከጸደቀው ሕግ ቁጥር 174 ጋር ነው። ሕጉ ዝግ በሆኑ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል፤ የትምባሆ ማስታወቂያንም ያግዳል።

በሊባኖስ የአንድን እንደራሴ ድምፅ መከታተል ከባድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕግ ሲጸድቅ እያንዳንዱ አባል በስሙ ተጠርቶ ጮክ ብሎ እንዲመልስ ያዛል። በተግባር ግን አብዛኛው ሕግ የሚያልፈው እጅ በማውጣት ነው፤ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ መራጩ አያውቅም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እንደ መጅደላኒ ያለው ሰው ታዲያ የሚመዘነው በኮሚቴ በገፋው ረቂቅና በአደባባይ በተሟገተለት ጉዳይ ነው።

ሙግቱም ቀላል አልነበረም። ክልከላው ሴፕቴምበር 3 ቀን 2012 ምግብ ቤቶችና ካፌዎች ሲደርስ፣ ባለቤቶቹ «ገበያችን ሞተ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የቤሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው የሕጉን አስፈላጊነት በጥናት አስደግፈው ተከራከሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥጥር ብዙም ሳይቆይ ላላ፤ ሺሻውም ወደ ካፌዎቹ ውስጥ ተመለሰ። ፍም በመቆንጠጫ እያገላበጠ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞረው አስተናጋጅ ሙሉ ፈረቃውን ጭስ ሲምግ ይውላል፤ ሕጉ ከሁሉ በፊት ሊደርስለት የሚገባው ለእሱ ነበር።