ፍጥነት ወይስ ቀጠሮ አክባሪነት? ለሙዚቃ ቅንብርና ለፈጠራ ሥራ ላፕቶፕ ስለ መምረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ከገበያ ወሬ የተቀዳ ሊመስል ይችላል። «ለሙዚቃ ሥራ የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በሱቅ ደጃፍ ነውና። ይሁን እንጂ ከጥያቄው በስተጀርባ ሁለት ብርቱ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የተማሪው ወይም የቤተሰቡ ገንዘብ ነው፤ ለብዙዎቻችሁ ይህ ግዢ በትምህርት ዘመናችሁ ከምታወጡት ወጪ ሁሉ ትልቁ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በመሣሪያው ላይ የሚቀረጸው ሥራ ነው። አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ አንድ ጊዜ ደርድረው የሄዱትን ቀረጻ መሣሪያው ቢያበላሸው የሚተካው የለም። ስለዚህ የንግድ ስሞችን ከማወዳደር ይልቅ፣ ኮምፒውተር ድምፅን ሲያስተናግድ የሚሠራውን ሥራ አስቀድመን እንመረምራለን፤ ምርጫውም ከዚያ ይከተላል።

1. ድምፅ ቀጠሮ አለው

ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በስቱዲዮ ከተለመዱት መጠኖች አንዱ በሰከንድ 48,000 ልኬት ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ልኬት ለየብቻ አያስተናግድም፤ ባፈር በሚባል ጊዜያዊ መያዣ እያጠራቀመ በቡድን በቡድን ያስኬደዋል። ባፈሩ 128 ልኬት የሚይዝ ከሆነ፣ 128ን ለ48,000 ስናካፍል 2.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል እናገኛለን። ኮምፒውተሩ በዚህች ቅጽበት ውስጥ የሁሉንም ትራክ ስሌት ጨርሶ ማስረከብ አለበት። ካላስረከበ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም የመንቋቋት ድምፅ ይሰማል።

ነገሩን በሠርግ ቤት አሳላፊ ልመስለው። የጠጅ አሳላፊ ሙያው የሚለካው በሰዓት ስንት ብርሌ ሊሞላ እንደሚችል አይደለም። ከእንግዶቹ አንዱ እንኳ ባዶ ብርሌ ይዞ እንዳይቀመጥ በማድረጉ ነው። አንድ ሺህ ጊዜ በወቅቱ ደርሶ አንድ ጊዜ ቢዘገይ የሚታወስበት ያቺ አንዲት መዘግየት ናት። የድምፅ ሥራም እንዲሁ ነው። ቪዲዮን ወደ መጨረሻ ቅርጹ መለወጥ ዐሥር ደቂቃ ቢዘገይ ሠሪው ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፤ በቀረጻ ላይ የአምስት ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ግን የዘፋኙን ድምፅ ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ለሙዚቃ የሚሆን ላፕቶፕ የሚለካው በከፍተኛ ፍጥነቱ ሳይሆን ቀጠሮውን ባለማጉደሉ ነው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥም ይኸው ነው።

ብርሌው ቢተልቅስ? አሳላፊው ፋታ ያገኛል። ባፈሩን ወደ 1,024 ልኬት ብናሳድገው ኮምፒውተሩ 21 ሚሊ ሰከንድ ያህል ጊዜ ይኖረዋል። ዋጋው መዘግየት ነው፤ ዘፋኙ የገዛ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይሰማዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ የዐሥር ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ እንደ መስማት ነው። አብረው የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ይህን ርቀት ለምደውታል። ሃያና ሠላሳ ሚሊ ሰከንድ ሲደርስ ግን ማሲንቆ መቺው ምቱን መጎተት ይጀምራል። የባለሙያ ልማድ እንግዲህ በቀረጻ ጊዜ ባፈሩን ማሳነስ፣ በማቀናበርና በሚክሲንግ ጊዜ ማሳደግ ነው።

2. ፕሮሰሰር፦ ከስሙ በስተጀርባ

በገበያችን «ኮር አይ7 ነው» የሚለው ቃል እንደ ማረጋገጫ ማኅተም ይቆጠራል። ስሙ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። የኢንቴል ሰባተኛ ትውልድ የሆነው አይ7-7500ዩ ያለው ሁለት ኮር ነው፤ በስም ዝቅ የሚለው የስምንተኛው ትውልድ አይ5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣው ፊደልም ትርጉም አለው፦ «ዩ» በ15 ዋት አካባቢ ለሚሠሩ ቆጣቢ ፕሮሰሰሮች፣ «ኤች» በ45 ዋት አካባቢ ለሚሠሩ ብርቱዎች በአብዛኛው የሚሰጥ ምልክት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሙሉ ቁጥሩን አንብቦ ትውልዱን መለየት ይገባዋል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው።

የኮር ብዛትስ? በአንድ ትራክ ላይ የተደረደሩ ፕለጊኖች እንደ ሰንሰለት ናቸው፤ የአንዱ ውጤት ለሚቀጥለው ግብዓት ስለሆነ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መጠበቅ ግድ ይለዋል። ሰንሰለቱ በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ይሮጣል። የተለያዩ ትራኮች ለተለያዩ ኮሮች ሊከፋፈሉ ቢችሉም፣ በመጨረሻ ሁሉም በሚገናኙበት ዋና መስመር ላይ ያለው ሰንሰለት ተመልሶ በአንድ ኮር ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለሙዚቃ ብዙ ዘገምተኛ ኮሮች ካሉት ይልቅ ስድስት ወይም ስምንት ፈጣን ኮሮች ያሉት ይመረጣል።

3. ሙቀት፣ ጫጫታና የከተማችን ከፍታ

ፕሮሰሰር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስስ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የሚያሳየው ጉልበት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላል። በማስታወቂያ ላይ የሚታተመው ከፍተኛ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይገልጻል፤ ቀረጻ ግን የሰዓታት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ በሌላ አገር የተጻፉ የግዢ መመሪያዎች የማያነሡት የራሳችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀትን የሚያስወጣው አየር በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ በዚያው ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት ይቀንሳል። የቀዝቃዛው የደጋ አየር ጥቂት ቢክስም፣ ማቀዝቀዣው ደካማ የሆነ ላፕቶፕ እዚህ ይበልጥ ይቸገራል። ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክም ይህ ይነካዋል፤ የሚያነብበው ጫፍ በዲስኩ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንብርብር ነው። ብዙ አምራቾች ለእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ የሚጽፉት የአሠራር ከፍታ ገደብ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ለመስክ ጥናት ወደ ሰሜን ተራሮች የምትወጡ ተማሪዎች ኤስ.ኤስ.ዲ. ብትይዙ ይበጃል።

ፋን ሌላም ጣጣ አለው፤ ይጮኻል። ማይክሮፎንና ላፕቶፕ በአንድ ክፍል ባሉበት የቤት ስቱዲዮ የፋኑ ድምፅ ከዋሽንቱ ትንፋሽ ጋር ይቀረጻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ባለ ኤም1 ማክቡክ ኤር ያለ ፋን መሥራቱ በሙዚቀኞች ዘንድ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ፋን የሌለው መሣሪያ ግን ረጅምና ከባድ ጭነት ሲደርስበት ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ማስታወስ ያስፈልጋል።

4. ራምና ማከማቻ

ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ማከማቻው ቁም ሣጥን። ከእውነተኛ መሣሪያዎች የተቀዱ የድምፅ ናሙናዎችን የሚጠቀም ሰው ጠረጴዛው ሰፊ ሊሆንለት ይገባል። 8 ጊጋባይት ለጀማሪ ያሠራል እንጂ ቶሎ ይጠብባል፤ 16 ጊጋባይት ለአብዛኛው ቅንብር ይበቃል፤ 32 ጊጋባይት ትልልቅ የኦርኬስትራ ናሙናዎችን ለሚጭን ነው። ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው፦ በብዙ ስስ ላፕቶፖችና በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ኋላ ሊጨመር አይችልም። በግዢው ቀን የተቆጠበው ገንዘብ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ላፕቶፕ ያስገዛል። ራም የሚጨመርበት መሣሪያ ሲሆን ግን ዛሬ በ8 ጀምሮ ነገ ማሳደግ ብልህነት ነው።

ማከማቻን በስሌት እንወስን። በ48,000 ልኬትና በ24 ቢት የሚቀረጽ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ሃያ አራት ትራክ ለአንድ ሰዓት ቢቀረጽ 12.4 ጊጋባይት ይሆናል። ተደጋጋሚ ሙከራዎችንና የናሙና ስብስቦችን ስንጨምር 256 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፤ 512 ጊጋባይት ይሻላል። የውስጥ ማከማቻው ኤስ.ኤስ.ዲ. መሆኑ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

5. ከላፕቶፑ ውጭ ያለው

ብዙዎች ገንዘባቸውን ሁሉ በላፕቶፑ ላይ ያፈስሱና ድምፅን ወደ ቁጥር ለሚለውጠው መሣሪያ ሳንቲም ሳይተርፋቸው ይቀራል። ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚባለው ይህ ውጫዊ የድምፅ ካርድ የራሱ ደኅና ድራይቨር አለው። በዊንዶውስ ላይ አዚዮ የሚባለው ሥርዓት፣ በማክ ላይ ደግሞ ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚመጣው ኮር ኦዲዮ መዘግየትን ይቀንሳሉ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ኢንተርፌሶች ዘፋኙ ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ እንዲሰማ ያስችላሉ። መካከለኛ ላፕቶፕ ከጥሩ ኢንተርፌስ ጋር፣ ኢንተርፌስ ከሌለው ውድ ላፕቶፕ የተሻለ ቀረጻ ይሰጣል። ለእኛ ይህ ይበልጥ ይመዝናል፤ የአንቺሆዬን ወይም የባቲን ቅኝት ለዛ በፒያኖ ቁልፎች ከመፈለግ ይልቅ ክራር መቺውን አስቀምጦ መቅረጽ የምንመርጥ ነንና።

መብራትም አይዘነጋ። መብራት ሲጠፋ ቀረጻው እንዳይቋረጥ የሚያደርገው የላፕቶፑ ባትሪ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ከቻርጀር ሲነቀሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የምድር መስመሩ ባልተስተካከለ ቤት ደግሞ የ50 ኸርዙ የመብራት ጉርምርምታ ወደ ቀረጻው ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መቅረጽ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያቃልላል። ስለዚህ በባትሪም ሳይዳከም የሚሠራ መሣሪያ ለአገራችን ሁኔታ ተመራጭ ነው።

ግራፊክስ ካርድን በተመለከተ፣ ለሙዚቃ ብቻ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ሊያወጣበት አይገባም። ቪዲዮ ለሚያርትዕ፣ ባለ ሦስት አውታር ምስል ለሚሠራ ግን ዋና መሣሪያው ነው። ለፎቶግራፍና ለንድፍ ባለሙያ ደግሞ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ስክሪን ከሁሉም ይቀድማል።

6. ከመክፈል በፊት መፈተን

ሻጩ ከፈቀደ የሚከተለውን ፈትኑ። ሪፐርን የመሰለ በነጻ ሊሞከር የሚችል የቀረጻ ሶፍትዌር ጫኑ፤ መጠኑን 48,000፣ ባፈሩን 128 አድርጉ፤ ዘወትር የምትጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች ድምፁ መንቋቋት እስኪጀምር ድረስ በትራኮች ላይ ጨምሩ። ከዚያ ጥቂቱን ቀንሱና ለግማሽ ሰዓት እንዲጫወት ተዉት። ከሞቀ በኋላ መንቋቋቱ ከተመለሰ ማቀዝቀዣው ደካማ ነው። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ድገሙት። ዋይፋዩን ስታጠፉ መንቋቋቱ ከቆመ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የድራይቨር ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ያለ ወጪ ይስተካከላል። ይህ የአንድ ሰዓት ፈተና ከማንኛውም የማስታወቂያ ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

7. ሥራውን ማኖር

ባጀት ለሚያወጣ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ላጠቃልል፦ አስቀድሞ ጭነትን ለሰዓታት የሚችል ፕሮሰሰር ከበቂ ማቀዝቀዣ ጋር፤ ቀጥሎ 16 ጊጋባይት ራም፤ ከዚያ ኤስ.ኤስ.ዲ.፤ ከዚያ ኢንተርፌስና የጆሮ ማዳመጫ። ለመጠባበቂያ ዲስክ የሚሆነው ገንዘብ ግን ገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ ይቀመጥ። ኤስ.ኤስ.ዲ. ሲሞት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ጠቃሚ ቀረጻ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱም በሌላ ቤት መቀመጥ አለበት። ሥራው ሲያልቅም እያንዳንዱ ትራክ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ ለየብቻ በዌቭ ፋይል ይውጣ። የሶፍትዌሩ የራሱ ፋይል ከሶፍትዌሩ ጋር ያረጃል፤ ዌቭ ግን ከዓመታት በኋላም በሌላ መሣሪያ ሊከፈት ይችላል።

ላፕቶፑ ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ መለወጡ አይቀርም። የሚቀረው የተቀረጸው ድምፅ ነው። የመረጣችሁት መሣሪያ ያን ድምፅ ሳይቆራርጥ ከተቀበለና ሌላ ዘመን እስኪረከበው ድረስ በደኅና ከጠበቀ ምርጫችሁ ትክክል ነበር ማለት ነው።