ቀለበቱን ያልተቀበለው ጠቢብ፦ ሥልጣንና ርኅራኄ በምናባዊ ልቦለዶች

ስለ አስማት ቀለበት፣ ስለ ጠንቋይና ስለ ሰው ሠራሽ ፍጡር የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የልጆች መዝናኛ ተደርገው ይቆጠራሉ። ምናባዊና ሳይንሳዊ ልቦለድ በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ድርሰቶች ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ሲያነሡ ኖረዋል፤ ኃይል በእጁ የገባ ሰው ከእርሱ የደከመውን በምን ዓይን ያያል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1815 በኢንዶኔዥያ የሚገኘው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የወጣው ብናኝ የፀሐይን ብርሃን በመጋረዱ በቀጣዩ ዓመት በአውሮፓ የበጋው ወራት ቀዘቀዘ፤ ሰብሉም ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ብርድና ዝናብ የተነሣ በስዊዘርላንድ ቤት ውስጥ የዋለችው የ18 ዓመቷ እንግሊዛዊት ሜሪ ሼሊ በ1818 የታተመውን “ፍራንከንስታይን” የተሰኘ ልቦለድ መጻፍ ጀመረች። በልቦለዱ ውስጥ ቪክቶር ፍራንከንስታይን የተባለ ወጣት ተመራማሪ የሙታንን አካል አገጣጥሞ ሕይወት ይዘራበታል። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን መልኩን ተጸይፎ ይሸሻል፤ ስም እንኳ አላወጣለትም። ፍጡሩ ከጅምሩ ክፉ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ለአንድ ድሃ ቤተሰብ ማገዶ ይለቅም ነበር። ወደ በቀል የዞረው ከየደጁ ከተባረረ በኋላ ነው። ብዙዎች መጽሐፉን ከሳይንስ አደጋ የሚያስጠነቅቅ አድርገው ያነቡታል፤ ይህ ንባብ ግን ጎዶሎ ነው። ቪክቶር ከመፍጠሩ ይልቅ የፈጠረውን ጥሎ መሄዱ ይከብዳል።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ይህንኑ ጥያቄ ይበልጥ ያጠለቀው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። በ1916 በፈረንሳይ በተካሄደው የሶም ጦርነት የተዋጋው ይህ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር፣ በ1954 እና በ1955 ባሳተመው “የቀለበቶች ጌታ” የተሰኘ ሥራው የያዘውን ሰው ሁሉ የሚገዛ አንድ ቀለበት ይተርካል። ቀለበቱን የወረሰው ፍሮዶ የተባለ ቁመተ አጭር የገጠር ሰው ነው። ፍሮዶ የሸክሙን ክብደት በተረዳ ጊዜ ቀለበቱን ለጠቢቡ ጋንዳልፍ ሊሰጠው ይሞክራል፤ ጋንዳልፍ ግን በብርቱ እንቢ ይላል። ምክንያቱ ያስደንቃል። ጠቢቡ የሚፈራው የራሱን ርኅራኄ ነው፤ ለደካሞች ማዘኑና በጎ ለማድረግ መሻቱ ቀለበቱ ወደ ልቡ የሚገባበት በር እንደሚሆን ያውቃል። አገሩን ከጠላት ለማዳን የተጨነቀው ጀግናው ቦሮሚር የወደቀውም በዚሁ በር ነው። ቀለበቱን ከፍሮዶ በጉልበት ሊነጥቅ የሞከረው ለወገኑ ሲል እንደሆነ አምኖ ነበር።

የታሪኩ ቁልፍ ያለው ግን ቀደም ሲል በአንድ ጨለማ ዋሻ ውስጥ በተፈጸመ ትንሽ ድርጊት ላይ ነው። የፍሮዶ ዘመድ ቢልቦ ቀለበቱን አግኝቶ ከዓይን ተሰውሯል፤ ሰይፍም ይዟል። ከፊቱ መንገዱን የዘጋው ጎለም የተባለ፣ ቀለበቱ ለዘመናት ያጎሳቆለው ምስኪን ፍጡር ነው። ቢልቦ ሊገድለው ሲችል አዘነለት፤ በላዩ ዘሎም አመለጠ።

ይህ ትዕይንት በ1937 በወጣው “ሆቢት” በተሰኘው መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ውስጥ አልነበረም። በዚያ እትም ጎለም በእንቆቅልሽ ጨዋታ ተረትቶ መውጫውን ያሳየዋል፤ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ። ቶልኪን ምዕራፉን ለውጦ በ1951 እትም ያወጣው የቀለበቱ ታሪክ ስለከበደበት ነው። ደራሲ የታተመ መጽሐፉን መልሶ ማረሙ የተለመደ አይደለም፤ እዚህ ግን የምሕረቱ ቅጽበት ባይጨመር ኖሮ የኋለኛው ታሪክ ሁሉ መሠረት ባጣ ነበር።

ምክንያቱም ፍሮዶ በመጨረሻ ይሸነፋል። ቀለበቱ ሊጠፋበት ከሚችለው ብቸኛው የእሳት ተራራ አፋፍ ደርሶ፣ አልጥለውም፣ የእኔ ነው ይላል። ያን ጊዜ ጎለም ይደርስበትና ጣቱን ነክሶ ቀለበቱን ይነጥቃል፤ በደስታ ሲዘልም ከነቀለበቱ እሳቱ ውስጥ ይወድቃል። የጦር አበጋዞችና ጠቢባን ያልቻሉት የተፈጸመው ቢልቦ፣ በኋላም ፍሮዶና ባልንጀራው ሳም በሕይወት በተዉት ፍጡር እጅ ነው።

ቶልኪን ግን ምሕረት ሁልጊዜ እንዲህ ይከፍላል ብሎ አላታለለም። ፍሮዶ ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ከሥልጣኑ የወረደው ጠንቋይ ሳሩማን አገሩን አራቁቶ ጠበቀው። ፍሮዶ አትግደሉት አለ፤ ሳሩማን ግን ሲያልፍ በጩቤ ወጋው፤ ከልብሱ ሥር የለበሰው የብረት ጥሩር አዳነው። ከዚያም በኋላ ፍሮዶ እንዳይነኩት ከለከለ። ሳሩማን ግን ምሕረቱን እንደ ስድብ ቆጥሮ ተራገመ፤ ወዲያውም ሲያዋርደው በኖረው በገዛ አሽከሩ እጅ ተገደለ። የፍሮዶም ቁስል ስላልሻረ፣ ባዳናት መንደር ብዙ ሳይኖር መርከብ ተሳፍሮ ሄደ።