ተጨማሪ መረጃ፦ መውጫውን አስቀድሞ መጻፍ
የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በይፋ ሥራ ጀመረ፤ አክሲዮኑን በማስመዝገብ ቀዳሚው ወጋገን ባንክ ነው። ለእንዲህ ያለ ገበያ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ የግብይት ኮድ መጻፍ የሚለማመድ ተማሪ ከመግዣው በፊት መውጫውን፣ ማለትም ኮዱ መቼ እንደሚሸጥ፣ ይጻፍ።

ምሳሌ፦ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ሁለት ጊዜ 450 ብር ደርሶ አገገመ፤ በመሐል የደረሰበት ጣሪያ 500 ብር ነው። ይህ ቅርጽ «ድርብ ወለል» ይባላል። ዋጋው 500ን ሲያልፍ ኮዱ ይገዛል፤ ወዲያውም ሦስት መውጫዎችን ይይዛል።

• የኪሳራ ገደብ፦ ዋጋው ከ450 በታች ከወረደ ይሸጣል።
• የትርፍ ግብ፦ የቅርጹ ቁመት 50 ብር ስለሆነ 550 ሲደርስ ይሸጣል።
• የጊዜ ገደብ፦ በ20 የግብይት ቀናት ውስጥ ከሁለቱ አንዱም ካልደረሰ ይሸጣል።

ልብ በሉ! ዋጋው በአንድ ቀን 449ንም 550ንም ከነካ፣ የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ የቱ እንደቀደመ አይነግረንም። ኮዱን በቆየ የዋጋ መረጃ ስትፈትሹ ኪሳራው እንደቀደመ ቁጠሩ፤ አለዚያ ውጤቱ ያታልላችኋል። ገዢ ጥቂት በሆነበት ገበያ ደግሞ የሽያጭ ትእዛዝ ተልኮም ላይፈጸም ይችላል፤ ኮዱ መፈጸሙን ያረጋግጥ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የአሜሪካው የግብይት ድርጅት ናይት ካፒታል በተበላሸ የግብይት ሶፍትዌር ምክንያት በ45 ደቂቃ ገደማ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል። ስለዚህ ሁሉንም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚያስቆም ማጥፊያ የግድ ነው።