የዙሪያ ድምፅ ስፒከሮች አቀማመጥ

የዙሪያ ድምፅ ስፒከሮች አቀማመጥ ማለት በተለምዶ ሆም ቲያትር በሚባለው የቤት ውስጥ ፊልም ማሳያ፣ ድምፅ ተመልካቹን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እንዲከበው ስፒከሮችን በተወሰነ አቅጣጫ፣ ርቀትና ከፍታ የማስቀመጥ ሥራ ነው። የአምራቾች መመሪያ የሚያሳየው ክፍል ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ሶፋውም ከኋላው ግድግዳ የራቀ ነው። ብዙ ሳሎኖች ግን በአንድ በኩል ወደ በረንዳ ወይም ወደ ኮሪደር ክፍት ናቸው፤ ሶፋውም ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል። በእንዲህ ያለ ክፍል የአቀማመጡ መነሻ ግድግዳው ሳይሆን የተመልካቹ መቀመጫ ነው። ከመቀመጫው አንጻር የስፒከሮቹ አቅጣጫና ድምፃቸው የሚደርስበት ጊዜ ከተስተካከለ፣ የክፍሉ ቅርጽ ባይመጣጠንም ጥሩ ውጤት ይገኛል።

አመጣጥ

ፊልምን በብዙ አቅጣጫ ድምፅ የማሳየት ሥራ ቀደምት ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የዋልት ዲዝኒ «ፋንታዚያ» ነው፤ ዘዴው ፋንታሳውንድ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዶልቢ ኩባንያ የዙሪያ ድምፅን በሲኒማ ቤቶች አስፋፋ፤ በ1982 ደግሞ ለቤት የሚሆነው ዶልቢ ሰራውንድ ወጣ። ዛሬ በብዙ ቤቶች የሚገኘው 5.1 የሚባለው ሥርዓት ነው። ቁጥር 5 ሦስቱን የፊት ስፒከሮች (ግራ፣ መካከለኛ፣ ቀኝ) እና ሁለቱን የዙሪያ ስፒከሮች ያመለክታል፤ «.1» የተባለው ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር ነው።

መደበኛው አቀማመጥ

የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ቢኤስ 775 በተባለው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ አምስቱ ስፒከሮች በመቀመጫው ዙሪያ በአንድ ክብ መስመር ላይ ይሆናሉ። መካከለኛው ከፊት ለፊት በ0 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ በ30 ዲግሪ፣ የዙሪያዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀመጣሉ። በዚህ አቆጣጠር 90 ዲግሪ በትክክል የጆሮ ጎን ነው፤ ስለዚህ የዙሪያ ስፒከሮች ቦታ ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ እንጂ በቀጥታ ከጀርባ አይደለም። የፊቶቹ ከፍታ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ያህል፣ ማለትም 1.2 ሜትር ገደማ ነው።

ጆሮ አቅጣጫን የሚለይበት መንገድ

ሰው ከፊቱ የሚመጣን ድምፅ በጣም በትክክል ይለያል፤ ምቹ በሆነ ሁኔታ የ1 ዲግሪ ያህል ልዩነት እንኳ ይታወቀዋል። ከጎን የሚመጣውን ግን በዚያ መጠን አይለይም። ስለዚህ ቦታ ሲጠብ የዙሪያ ስፒከርን ከመደበኛው 10 ወይም 20 ዲግሪ ማዛወር ብዙ አይጎዳም፤ የፊቶቹን ማዛባት ግን የተዋናዩን ድምፅ ከምስሉ ይለየዋል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጊዜ ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሲደርስ፣ ሰሚው ድምፁ ቀድሞ ከደረሰበት አቅጣጫ የመጣ ይመስለዋል። አንዱ ስፒከር ወደ ሶፋው በጣም ሲቀርብ ድምፁ ሁሉ ወደዚያ የሚሳበው፣ ከጉልበቱ በተጨማሪ በዚህ ምክንያት ነው።

አስቸጋሪ ክፍሎች

ሶፋው ግድግዳ ሲይዝ። በኮንዶሚኒየም ሳሎኖች የተለመደ ነው። ከሶፋው ኋላ ቦታ ስለሌለ የዙሪያ ስፒከሮቹን ከጎን በ90 ዲግሪ አቅራቢያ ማድረግ ይሻላል። ሶፋውን ከግድግዳው 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ ማራቅ ከተቻለ፣ ከጀርባ ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ ይለዝባል።

አንዱ ጎን ክፍት ሲሆን። በኤል ቅርጽ ሳሎን ወይም በበረንዳ በር በኩል ስፒከር የሚሰቀልበት ግድግዳ አይኖርም። መፍትሔው ስፒከሩን በመቆሚያ ላይ ማስቀመጥ ወይም የኮርኒሱ ተሸካሚ እንጨት ከቻለው ከላይ ማንጠልጠል ነው። ግድግዳ ፍለጋ ስፒከሩን ወደ ፊት፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መውሰድ የዙሪያነቱን ጥቅም ያጠፋዋል።

ሶፋው በጎን ግድግዳ ሲዞር። እንግዳ የሚበዛበት ቤት ሶፋው ማዕዘን ስለሚዞር፣ አንዱ ሰው ከስፒከሩ ሥር ሌላው ርቆ ይቀመጣል። ስፒከሩ በጆሮ ከፍታ ሆኖ ከአንዱ 0.5 ሜትር፣ ከሌላው 3 ሜትር ቢርቅ፣ በቀጥታ በሚደርሳቸው ድምፅ መካከል 16 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይኖራል። ስፒከሩ ከጆሮ በላይ 1 ሜትር ከፍ ሲል ርቀቶቹ ወደ 1.1 እና 3.2 ሜትር ይለወጣሉ፤ ልዩነቱም ወደ 9 ዴሲቤል ይወርዳል። የዙሪያ ስፒከሮችን ከፍ አድርጎ መስቀል የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክብ ቤት። ክብ ግድግዳ ድምፅን እንደ ጎድጓዳ መስተዋት ሰብስቦ ወደ አንድ አካባቢ ይመልሰዋል። መቀመጫው ከቤቱ መካከል ትንሽ ፈቀቅ ቢል፣ ግድግዳው ላይም ወፍራም መጋረጃ ወይም ዕቃ የሞላ መደርደሪያ ቢኖር ክምችቱ ይበተናል።

ርቀትንና ጊዜን ማስተካከል

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 1 ሜትር ለመሄድ 2.9 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። የግራው ዙሪያ ስፒከር በ1.5 ሜትር፣ የቀኙ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑ፣ የግራው 4.4 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። በአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ ውስጥ የእያንዳንዱ ስፒከር ርቀት በትክክል ሲሞላ፣ መሣሪያው የቅርቡን በዚያው መጠን ያዘገየዋል። ጉልበቱም ለብቻው መቀነስ አለበት፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ቀጥተኛው ድምፅ 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ በዚህ ምሳሌ የግራው በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ይህ ማስተካከያ በተለካለት መቀመጫ ላይ ነው በትክክል የሚሠራው።

የቦታ ከፍታ በዚህ ስሌት ላይ ለውጥ አያመጣም። የድምፅ ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም። ስለዚህ በወሎ እንደ ግሸን አምባ ባለ ደጋ፣ አየሩ 10 ዲግሪ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 337 ሜትር፣ በአዋሽ ሸለቆ 30 ዲግሪ ሲሆን 349 ሜትር ገደማ ነው። በ3 ሜትር ርቀት ላይ ይህ የሚያመጣው ልዩነት 0.3 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ቀመር ለሁለቱም ቦታ ያገለግላል።

የቤቱ አሠራር ተጽዕኖ

የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለልና ሰፊ መስታወት ድምፅን ይመልሳሉ እንጂ አይውጡም። ባዶ ክፍል ውስጥ ሲያጨበጭቡ የሚሰማው ተከታታይ ነጠርጣራ ድምፅ የዙሪያ ድምፅንም አቅጣጫ ያደበዝዛል። ምንጣፍ፣ መጋረጃና በጨርቅ የተሸፈነ ሶፋ ይህን ይቀንሳሉ። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ የክረምት ዝናብ ከሁሉ ይበረታል፤ የዙሪያ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ የሚያወጡት የነፋስ፣ የእርምጃና የሩቅ ድምፅ በመሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።

ሰብዉፈር በአቀማመጥ ረገድ ነፃነት ይሰጣል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ሞገዱ ከ4 ሜትር ስለሚበልጥ ጆሮ አቅጣጫውን በቀላሉ አይለየውም። ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ይበረታል፤ ነገር ግን በጋራ ግድግዳና በኮንክሪት ወለል በኩል ወደ ጎረቤት በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በአፓርታማ ከጋራ ግድግዳ አርቆ ማስቀመጥ ይመረጣል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ሁሉንም መስፈርት ማሟላት በማይቻልበት ክፍል ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል። በመጀመሪያ ዋናው መቀመጫ ይመረጣል፤ የሚቻል ከሆነም ግራና ቀኙ ይበልጥ እንዲመጣጠን ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ግድግዳ ይለወጣል። ቀጥሎ ሦስቱ የፊት ስፒከሮች ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ የዙሪያዎቹ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ በተገኘላቸው ቦታ፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ከፍታ ይቀመጣሉ። ርቀታቸው በሜትር ተለክቶ ይሞላል፤ ጉልበታቸው በመሣሪያው የመሞከሪያ ድምፅ ይስተካከላል። በመጨረሻ ከዋናው መቀመጫ ላይ ሆኖ ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ይበቃል፤ ስፒከሩ ያለበት ቦታ በግልጽ ከታወቀ በጣም ቀርቧል ወይም ጉልበቱ በዝቷል ማለት ነው።