የቀዩ ዶቃ ጥፋት የማን ነው?

በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠሩ እህቶች እንደምታውቁት፣ በቀኑ መጨረሻ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው «ዛሬ ስንት እንከን አወጣሽ?» የሚለው ነው። ቁጥሩ ከትናንቱ ከበዛ ቁጣ፣ ካነሰ ምስጋና ይከተላል። ቁጣው ሲደጋገም ደግሞ ወደ ደመወዝ ቅጣት፣ አልፎም ልጆች የሚያድሩበትን እንጀራ እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ለመሆኑ ያ ቁጥር ስለ ሠራተኛዋ እጅ የሚናገረው ምን ያህል ነው?

አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ይህን ጥያቄ በየሥልጠናው አዳራሽ በአንድ ቀላል ጨዋታ ያሳዩ ነበር። በሣጥን ውስጥ 3200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃዎች ይደባለቃሉ። ከተሰብሳቢው መካከል 6 ፈቃደኞች ተነሥተው «ሠራተኞች» ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው 50 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉትን ጠፍጣፋ ማውጫ በዶቃው ውስጥ ነክረው 50 ዶቃ ያወጣሉ። ነጩ ደኅና ምርት፣ ቀዩ እንከን ነው። ዴሚንግም እንደ አለቃ ሆነው ጥቂት ቀይ ያወጣውን ያመሰግናሉ፤ ብዙ ያወጣውን ይቆጣሉ፤ ሲብስም ያሰናብታሉ።

ተሰብሳቢው ይሥቃል። ከ5 ዶቃ አንዱ ቀይ በሆነበት ሣጥን 50 ሲወጣ 10 ያህሉ ቀይ መሆኑ እንደማይቀር ማንም ያያልና። አንዷ 6፣ ሌላዋ 14 ብታወጣ ልዩነቱ ከትጋትም ከስንፍናም የመጣ አይደለም። በስሌት ሲታይ ከዚህ ሣጥን ከ2 እስከ 18 ቀይ ማውጣት የተለመደ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ቀዩን መቀነስ የሚችለው ዶቃውን የሚገዛው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ከተራው ውስጥ አልቆመም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው የአለቃው ግምት ነው። ዛሬ 16 አውጥታ የተቆጣት ሠራተኛ ነገ 11 ብታወጣ «ቁጣዬ ሠራ» ይላል። 5 አውጥታ ያመሰገናት ነገ 9 ብታወጣ ደግሞ «ምስጋናው አበላሻት» ብሎ ይደመድማል። ከአማካዩ እጅግ ከራቀ ቁጥር ቀጥሎ ወደ አማካዩ የቀረበ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግን ያለ ቁጣም ያለ ምስጋናም ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህ አለቃ በየቤታችንም አለ። ልጃችን በአንድ ፈተና 90 አምጥቶ በሚቀጥለው 80 ሲያመጣ ምን እንለዋለን? በሐምሌ ብርድ ሊጡ ዘግይቶ ሲቦካና እንጀራው ዓይን ሲያጣስ የምንቆጣው ብርዱን ነው ወይስ የጋገረችውን ልጅ?

ታዲያ የተለመደው ከፍ ዝቅ ማለት ከእውነተኛው ብልሽት የሚለየው እንዴት ነው? መንገዱን ያመለከቱት ዋልተር ሹሃርት ናቸው። እኚህ ሰው የስልክ ዕቃ ለሚያመርተው ለዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1924 ለአለቃቸው አንድ ገጽ ያህል ማስታወሻ ጻፉ። በገጹ ላይ የነበረው ሥዕል ዛሬ የቁጥጥር ቻርት የሚባለው ነው። የየቀኑ ቁጥር በተራ በነጥብ ይመዘገባል፤ በመካከል የአማካዩ መስመር፣ ከላይና ከታች ደግሞ ሁለት የወሰን መስመሮች ይሰመራሉ። ልብ በሉ፣ ወሰኖቹ የሚሰመሩት በአለቃ ፍላጎት አይደለም፤ ከተመዘገቡት ቁጥሮች ተሰልተው ነው የሚወጡት።

በሸሚዝ ስፌት ምሳሌ እንየው። ለ20 ቀን በየቀኑ 100 ሸሚዝ ተመርምሮ በአማካይ 9 እንከን ያለበት ተገኘ እንበል። የላይኛው ወሰን በ17 እና በ18 መካከል ይውላል። ስለዚህ 14 የተገኘበት ቀን ለማንም ቁጣ ምክንያት አይሆንም። 21 ከተገኘ ግን አንድ የተለየ ነገር ደርሷል ማለት ይቻላልና ፍለጋው በዚያው ሰዓት መጀመር አለበት፤ መርፌው ደንዞ ይሆን? አዲስ የመጣው ክር ይበጠስ ይሆን? ሳትሠለጥን መኪና ላይ የተቀመጠች አዲስ ልጅ አለች? ሳምንት ካለፈ በኋላ ይህን የሚያስታውስ አይገኝም። የአንዲት ሠራተኛ ነጥብ ብቻ ደጋግሞ ከወሰኑ በላይ ከወጣ ቻርቱ እርሱንም አይደብቅም፤ ያን ጊዜ ዓይኗን ማስመርመር ወይም ሥልጠናዋን መድገም ይገባል።

ነጥቡ ሁሉ በወሰን ውስጥ ነው ማለት ግን ምርቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ከ100 ሸሚዝ 9 መበላሸቱ ብዙ ነው። ይህን የሚቀንሰው የተሻለ ክር፣ የታደሰ መኪና፣ በቂ መብራት ሲሆን፣ እነዚህን መግዛት ደግሞ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ መጽሐፋቸው ከችግሮች ከመቶ 94 ያህሉ የአሠራሩ፣ ማለትም የአስተዳደሩ ኃላፊነት ናቸው ሲሉ ገምተዋል። ግምት ነው፤ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት በፋብሪካዎች ሲዘዋወሩ የኖሩ ሰው ግምት ነው።

ጃፓኖች ትምህርቱን እ.ኤ.አ. በ1950 ከዴሚንግ አፍ ሰምተው፣ በማግሥቱ ዓመት በስማቸው ሽልማት አቋቋሙ። ወደ ሀገራችንም የጃፓኖቹ ልምድ እ.ኤ.አ. በ2011 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በኩል መጥቷል።

ቻርቱን ለመጀመር ባለመስመር ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በመኪናው አጠገብ ተለጥፎ ነጥቡን ሠራተኛዋ ራሷ ብታስቀምጥ ይመረጣል፤ ክር የተለወጠበት፣ መኪና የተጠገነበት፣ መብራት የጠፋበት ቀን ከነጥቡ ጎን ይጻፍ። ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ወሰኑን ያለፈ ነጥብ ባይኖርም እንኳ 8 ነጥቦች በተከታታይ ከአማካዩ መስመር በአንድ ወገን ከዋሉ አንድ ነገር ተለውጧልና ምክንያቱ ይፈለጋል። ስምንቱም ከአማካዩ በታች ከሆኑም እንዲሁ ነው፤ እንከኑን የቀነሰው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና።