እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩ

ባለፈው ሳምንት ስለ ጨረቃ ተምረናል። ዛሬ ደግሞ በዓይናችን ስለማናየው፣ ፕሉቶ ስለሚባል ሩቅ ዓለም እንማራለን።

ምድራችን ፀሐይን በ1 ዓመት ትዞራለች። ፕሉቶ ግን አንዴ ዞሮ ለመጨረስ 248 ዓመት ይፈጅበታል። ርቀቱ ይህን ያህል ነው።

ፕሉቶን ያገኘው ክላይድ ቶምባው የሚባል አሜሪካዊ የገበሬ ልጅ ነው። በረዶ የቤተሰቡን ሰብል ስለመታው ያኔ ኮሌጅ መግባት አልቻለም። ቢሆንም ቴሌስኮፕ በእጁ ሠራ። ቴሌስኮፕ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ያየውን ሥሎ ለሰማይ ተመራማሪዎች ላከ። እነርሱም ቀጠሩት። እዚያ ሲሠራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930 ፕሉቶን አገኘ።

ታዲያ ክብደቱ ስንት ነው? የሰማይን ነገር እኮ ሚዛን ላይ አናወጣውም። 48 ዓመት ሙሉ ትክክለኛው መልስ አልተገኘም።

በ1978 ጀምስ ክሪስቲ የሚባል ተመራማሪ የፕሉቶን ፎቶግራፎች ያይ ነበር። በፕሉቶ ጎን እብጠት አየ። ፎቶግራፉ የተበላሸ ይመስላል። እርሱ ግን አልጣለውም። የቆዩትንም አውጥቶ አስተያየ። እብጠቱ ይዞራል፤ በ6 ቀን ከ9 ሰዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። ለካ ሌላ አካል ኖሯል! ስሙ ካሮን ተባለ።

ካሮን የፕሉቶ ጨረቃ ናት። ነገር ግን ወርዷ የፕሉቶን ግማሽ ያህላል። ስለዚህ ፕሉቶ ቆሞ እርሷ ብቻ አትዞረውም። ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ሲሽከረከሩ አይታችኋል። ከባዱ ልጅ በጠባቡ፣ ቀላሉ ልጅ በሰፊው ይዞራል። የሚዞሩትም በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ፕሉቶና ካሮንም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ለሌላው ጀርባውን አይሰጥም።

ክብደቱም የታወቀው በዚህ ዙር ነው። ከባድ ነገር ጓደኛውን በኃይል ስለሚስብ ቶሎ ያዞረዋል። ቀላል ነገር ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ተመራማሪዎች በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የዙሩን ጊዜ ይዘው አሰሉ። ፕሉቶ ከታሰበው በጣም ቀሎ ተገኘ። ምድርን በክብደት ለማከል ከ450 በላይ ፕሉቶዎች ያስፈልጋሉ። በ2015 አንድ የጠፈር መንኮራኩር በአጠገባቸው አልፎ ሁለቱንም ፎቶግራፍ አነሣ።

እኛም የምናስተውለው አለ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን በፊቷ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት እዩ። በሚመጣው ወር ደግማችሁ እዩ። ያው ምልክት ነው። የእኛም ጨረቃ እንደ ካሮን ጀርባዋን አታሳየንም።